ሽጉጥ ከመግዛትህ በፊት ሃይላንዱን ያዝ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገባ። ስሙን አልጠራም። እሱ ራሱን ያውቃል፣ ይህን ፖስትም እንደሚያነበው አውቃለሁ። "ቲቸር ሰላም ነው? ቤተሰብ፣ ሥራ እንዴት ነው?" ብሎ ወጉን ካደረሰ በኋላ ጉዳዩን አመጣ። የዒላማ ተኩስ ስፖርት መጀመር ይፈልጋል። የስንዴ ብር ገብቶለታል፣ ካነሰም አንድ ወይፈን ይሸጣል። በቅናሽ የምትሸጥ ሽጉጥ አግኝቷል፤ ፎቶዋን በቴሌግራም ልከውለታል። "ለስፖርት ትሆናለች ወይ? ይመክሩኛል ብዬ ነው" አለኝ።

ፎቶዋን አየሁት። ወገብ ላይ የምትታጠቅ የቱርክ 9 ሚሊሜትር ናት።

መልሱን ለእሱ ብቻ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ መሀል ላይ ተውኩት። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለማ! ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው 14 ኪሎሜትር መንገድ ላይ በሚመላለሱ ሚኒባሶች ውስጥ ይህን ወሬ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ መልሱን እዚህ፣ በአደባባይ እጽፈዋለሁ።

"የዲፕሎማ መምህር ስለ ሽጉጥ ምን ያውቃል?" የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይምጣ። አዎ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ግራም፣ ሜትርና ሚሊሜትር ለመቁጠር ደግሞ ዲፕሎማ ይበቃል።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቱርካዊ ሰውዬ ነው። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ የዩሱፍ ዲኬች ፎቶ ስንቶቻችሁ ፕሮፋይል ላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ቲሸርት፣ ተራ መነጽር፣ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ፣ ከዚያ የብር ሜዳሊያ። "ያለምንም ዕቃ ከመንገድ መጥቶ ብር ወሰደ" ተባለ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ከቀልዱ ብዙ ልጅ የተሳሳተ ትምህርት ወሰደ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሰውዬው በ51 ዓመቱ ያንን ያደረገው በአምስተኛው ኦሎምፒኩ ነው። የመጀመሪያው ቤጂንግ 2008 ነበር። በሙያው የጃንደርማ ሰው የነበረ፣ ለረጅም ዓመታት ሲተኩስ የኖረ ነው። እጅ ኪስ ውስጥ መክተት ፉከራ አይደለም፤ ሰውነት እንዳይወዛወዝ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት ነገር ነው። ሜዳሊያውንም ብቻውን አላመጣም፣ ሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ከምትባል ወጣት ጋር በድብልቅ ውድድር ነው ያገኙት። እጁ ላይ የነበረው ደግሞ የባሩድ ሽጉጥ አልነበረም። በታመቀ አየር የሚሠራ የውድድር ሽጉጥ ነበር። የአየር ሽጉጥ!

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በኦሎምፒክ የሽጉጥ ውድድር ውስጥ 9 ሚሊሜትር የሚባል ነገር የለም። በ10 ሜትር የሚተኮሰው 4.5 ሚሊሜትር የአየር ሽጉጥ ነው። በ25 ሜትር የሚተኮሰው ደግሞ ዜሮ ነጥብ ሃያ ሁለት የሚባለው ትንሹ ጥይት ነው፤ 5.6 ሚሊሜትር። በቃ። ማካሮቩ፣ ስታሩ፣ ቶካሬቩ፣ አዲሱ የቱርክ ምርት፣ አንዳቸውም የኦሎምፒክ በር ላይ አይደርሱም። ወይፈን ሽጠህ የገዛሃት ሽጉጥ፣ የፈለገችውን ያህል ርካሽ ብትሆን፣ ለተባለው ስፖርት ዋጋዋ ዜሮ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ ብሎ የቅርጫት ኳስ እንደ መግዛት ነው።

"ዒላማ ያው ዒላማ ነው፣ በምንም ተኩሼ ልለማመድ እችላለሁ" የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ክፍል እንግባ።

በ10 ሜትር ውድድር የ10 ነጥቧ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊሜትር ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ከሽጉጡ የኋላ ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው እንበል። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ፊተኛዋ ማነጣጠሪያ ከቦታዋ 1 ሚሊሜትር ብቻ ብትወጣ፣ ዒላማው ላይ ስህተቱ ስንት ይሆናል? 10 ሜትር ሲካፈል ለ0.3 ሜትር፤ 33 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከ10 ነጥብ ወርደህ 6 ላይ ቁጭ! በ1 ሚሊሜትር። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ብዬ ሳስተምር ከኋላ የምትተኙ የነበራችሁ፣ ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ምላጩ እንምጣ። የውድድር የአየር ሽጉጥ ምላጭ ቢያንስ 500 ግራም ክብደት መሸከም አለበት ይላል ሕጉ። ተወዳዳሪዎቹ ምላጫቸውን እዚያው ግድም ያስተካክሉታል፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር ማለት ነው። ወገብ ላይ የሚታጠቀው ሽጉጥ ግን ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ በላይ ጉልበት ይጠይቃል። እንዲህ የተሠራውም ሆን ተብሎ ነው፤ በድንገት እንዳይተኮስ። በ2 ኪሎ ጉልበት ስትስብ ያቺን 1 ሚሊሜትር እንዴት ትጠብቃታለህ? ሲፈነዳም እጅህን ይመታሃል፣ ጆሮህን ያደነቁርሃል፣ ዓይንህ ሳይፈልግ ይጨፈናል። በሁለተኛው ቀን ገና ሳይፈነዳ መጨፈን ትለምዳለህ። ያ ልምድ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ዓመት ይፈጃል።

ስለ ጥይቱም እናስላ። አንድ የማጣሪያ ውድድር 60 ተኩስ ነው፣ በ75 ደቂቃ ውስጥ የሚጠናቀቅ። በሳምንት አምስት ቀን 60፣ 60 ብትተኩስ 300 ይሆናል። ለአየር ሽጉጥ ይህ ከአንድ ቆርቆሮ ጣሳ ያነሰ ነው፤ ትንንሾቹ የእርሳስ ፍሬዎች ብዙ ጊዜ የሚታሸጉት 500፣ 500 እየሆኑ ነው። የእውነት ጥይት 300 በሳምንት ማን ሊገዛልህ ነው? ማንስ ይፈቅድልሃል? ስለዚህ የሚሆነውን እኔ ልንገርህ። አምስት ጥይት ትገዛለህ። ሁለቱን ጓደኞችህ ፊት ጫካ ሄደህ ትተኩሳለህ። ሦስቱ ወገብህ ላይ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ስፖርቱ አልቋል፣ ሽጉጡ ግን አለ።

እሺ ቲቸር፣ ታዲያ አቅም ያገናዘበ የውድድር ሽጉጥ የትኛው ነው? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሳልመልስ አላልፍም።

የአየር ሽጉጥ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ጉልበት አለው። አንደኛው አስቀድሞ የታመቀ አየር በሲሊንደር የሚይዘው ነው። ዛሬ ሻምፒዮኖቹ የሚተኩሱት ይህንን ነው፤ ሽታየር፣ ሞሪኒ፣ ፓርዲኒ፣ ዋልተር የሚባሉት። አዲስ ሲገዛ በጣም ውድ ነው። የእኔ የዓመት ደሞዝ አይገዛውም። ቢገዛም ሲሊንደሩ እስከ 200 ባር አየር ይፈልጋል፤ ሮቤ ላይ ያንን ማን ይሞላልሃል? የጎማ ነፊው ልጅ? "ያገለገለ በርካሽ አገኘሁ" የሚልም ይጠንቀቅ፤ ሲሊንደሩ የአገልግሎት ዘመን አለው፣ 10 ዓመት። ጊዜው ያለፈበትን ይዘህ ውድድር መግባት አትችልም፣ አዲስ ሲሊንደር ደግሞ ለብቻው ብዙ ዩሮ ነው።

ሁለተኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ነው። ሽጉጡ ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ጋዙ ግን ሁልጊዜ መገዛት አለበት። በዚያ ላይ የጋዙ ግፊት ከሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የጎባን የጥቅምት ጠዋት የምታውቁ ሰዎች፣ ይህ ሽጉጥ ለእኛ አገር እንዳልተሠራ መናገር አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው በአንድ ክንድ ግፊት የሚሞላው ነው። ማንሻውን ከፍተህ ትዘጋለህ፣ አየሩን ራስህ ታምቀዋለህ፣ ትተኩሳለህ። ሲሊንደር የለ፣ ጋዝ የለ፣ መብራት የለ። የሚያልቅበት ነገር ቢኖር ውስጡ ያለው ጎሚኒ ነው። ከዚህ ዓይነት ውስጥ የስፔኑ ጋሞ ኮምፓክትና የሩሲያው ኢዝ-46 ኤም በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች ለዓመታት የተማሩባቸው ናቸው፤ ዋጋቸውም ከትላልቆቹ በእጅጉ ያነሰ ነው። በነገራችን ላይ ኢዝ-46ን የሠራው የኢዤቭስክ ፋብሪካ ማካሮቭንም የሠራ ነው። ከአንድ በር አንዱ ለዒላማ ወጣ፣ ሌላው ለሰው። እኛ አገር የደረሰው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ፊዚክስ የሚወድ ተማሪ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ሮቤ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። በክንድ የሚሞላው ሽጉጥ የሚያምቀው ይህንኑ አየር ስለሆነ ጉልበቱ አይቀንስም ወይ? ይቀንሳል፣ ጎበዝ! ግን 10 ሜትር ላይ ወረቀት ለመብሳት ከበቂ በላይ ነው። ውድድሩ የጉልበት አይደለም፣ የእርጋታ ነው።

ሌላው እጀታው ነው። እጀታ እንደ ጫማ ነው፣ በልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም። የውድድር እጀታ ከእንጨት ስለሚሠራ ግን ይጠረባል፣ ይሞላል፣ ይስተካከላል። ሮቤ ላይ ደግሞ አናጺ አላጣንም።

እንግዲህ ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። ከእነዚህም ውስጥ አንዱን አንተ ለብቻህ እንድትገዛ አልመክርህም። አቅም ያገናዘበ ሽጉጥ ማለት የአንድ ሰው ያልሆነ ሽጉጥ ነው። በአንድ ክለብ ስም በሕግ የገባ፣ ካዝና ውስጥ የሚቆለፍ፣ አሠልጣኝ ሲኖር ብቻ የሚወጣ አንድ የአየር ሽጉጥ 20 ልጅ ያሠለጥናል። ዋጋውን ለ20 አካፍለው። ያኔ ከወይፈንህ ጅራት አይበልጥም።

የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ ቁጥር 1177/2012ን አስታውሱ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፤ "ለስፖርት ነው" ማለት ፖሊስ ፊት አያድንም። የአየር ሽጉጥም ቢሆን ዘመድ በሻንጣ ያምጣልኝ የሚባል ዕቃ አይደለም። በቴሌግራም "የድምፅ ብቻ ነበረች፣ ተስተካክላለች" እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ያ ዕቃ የጥይት ግፊት እንዲችል ሆኖ አልተሠራም። የመጀመሪያው ዒላማ የገዛው ሰው ጣት ሊሆን ይችላል።

አሁን ለሌላኛው ወገን ልመልስ። "የእኛ ስፖርት ሩጫ ነው፣ ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" ለምትሉት። ጎረቤታችን አርሲ በቆጂ አለች፣ እኛም ሳነቴ የሚያህል ሜዳ አለን፤ ሩጫ ይቅር ያለ የለም። ግን የሩጫችንን ንጉሥ እስከ መጨረሻው እናስታውሰው። አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የዊልቸር ውድድር ላይ በቀስት ዒላማ ተወዳደረ። ሁለት የማራቶን ወርቅ ያለው ሰው፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ፣ ቀስት ወጥሮ፣ ዒላማ አየ። የዒላማ ስፖርት እግር አይጠይቅም፣ ቁመት አይጠይቅም፣ ዕድሜም እምብዛም አይጠይቅም። በየክፍላችን ሮጠው የማይጨርሱ ስንት የተረጋጉ ልጆች አሉ! እነሱስ ልጆች አይደሉም?

"ድሃ አገር አይችለውም" ለሚለውም መልስ አለ። ቬትናም በታሪኳ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ሪዮ 2016 ላይ በሆአንግ ሹዋን ቪን ነው፤ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ። ቻይና የመጀመሪያ ወርቋን ያገኘችው ሎስ አንጀለስ 1984 ላይ በሽጉጥ ነው። ተኳሹ ሹ ሃይፌንግ የማዳበሪያ ሻጭ ነበር፤ ልጅ ሳለ በባለ ላስቲክ ወንጭፍ ወፍ ይመታ ነበር። እስኪ ንገሩኝ፣ ከሲናና እስከ አጋርፋ ስንዴና ገብስ ሲጠብቅ በወንጭፍ ያልተማረ ልጅ የት አለ? ማዳበሪያስ እኛ ጋ የማይታወቅ ነገር ነው?

እነዚያ አገሮች ዒላማን በተቋም፣ በደንብና በአሠልጣኝ ያዙት። እኛ ጋ ግን መሣሪያው ከጥንት አለ፣ ስፖርቱ የለም። የ1950ዎቹን የባሌ አመፅ ሽማግሌዎቻችን የሚጠሩበት ስም እንኳ፣ ዶምቢር፣ የጠመንጃ ስም ነው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜም ጥይት የተትረፈረፈበት ሰው ዲንሾ ላይ በደጋ አጋዘን ላይ ምን እንዳደረሰ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ እንስሳ ለጥቂት ተረፈ። ያ ሁሉ ተኩስ አንድም ስፖርተኛ አላፈራም።

አንድ የራሴን ላውጋችሁና ልጨርስ። ካቻምና አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽራው ሲገባ አንዱ ሽጉጡን አውጥቶ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ። እልልታው ቀለጠ። "አልሞ ተኳሽ!" አሉት። ሰማይን ላለመሳት ምን ማለም ያስፈልጋል? በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት ቤት ስሄድ ቆርቆሮው ተበስቷል። ሴትየዋ ቀዳዳውን ሳይሆን ከቀዳዳው ሥር ያለውን ፍራሽ ነበር የምታየው። ልጆቿ ያን ሌሊት ሰርግ ቤት በመቆየታቸው ፍራሹ ላይ አልነበሩም። የተኮሰው ልጅ የኔ ተማሪ ነበር። የወደቀ ነገር 9.8 ሜትር በሰከንድ፣ በሰከንድ ይፈጥናል ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጽፎት ነበር፣ ፈተናውንም አልፏል። ያን ቀን ግን እሱ አልወደቀም፣ እኔ ነኝ የወደቅኩት።

ለዚህ ነው ዝም የማልለው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ኢንቦክስ ለመጣኸው። ወይፈንህን አትሽጥ። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙላና ያዝ፤ 1 ኪሎ ነው፣ የውድድር ሽጉጥም ክብደቱ እዚያው አካባቢ ነው። ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ40፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጥብ በእስክሪብቶ አድርግ። 10 ሜትር ራቅ። ጎንህን ወደ ነጥቧ አዙር፣ ሌላኛውን እጅህን ኪስህ ክተት፣ አንድ እጅህን ቀጥ አድርገህ የክዳኑን ጫፍ ነጥቧ ላይ አቁም። ትንፋሽህን አረጋጋ። 10 ሰከንድ ያዝ፣ አውርድ፣ አንድ ደቂቃ እረፍ። ይህን 60 ጊዜ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ በ20ኛው ላይ ክንዴ እንደ በልግ ገብስ ይወዛወዝ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ቀን፣ የሚቀጥለው ሳምንት። ሦስት ወር ሙሉ ካደረግከው ስፖርተኛ ነህ፣ ሽጉጥ ባይኖርህም። ሦስት ቀን ሞክረህ ከሰለቸህ ደግሞ የፈለግከው ዒላማውን ሳይሆን ወገብህን ነበር። ያንን ለራስህ በሃቀኝነት ንገረው።

ለሌሎቻችሁ፣ ክለብ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ፣ በስፖርት ሥራ ላይ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ውጭ አገርም ያላችሁ፦ ትምህርት ቤት ውስጥ መሣሪያ ይግባ አላልኩም፣ አይግባም። ከትምህርት ቤት ውጭ፣ በተዘጋ አዳራሽ፣ በፈቃድ፣ በተቆለፈ ካዝና፣ ከዓይን መከላከያ መነጽር ጋር፣ አንድ በክንድ የሚሞላ የአየር ሽጉጥ ለባሌ ልጆች ማስፈቀድ ይቻላል ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ኮሜንት ላይ ይጻፍ። "አይቻልም" የምትሉም ምክንያቱን ጻፉ፣ አንድ በአንድ እንየው።

እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሜዳው አጠገብ እኔን ታገኙኛላችሁ። መግቢያው አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው። ሽጉጥ ታጥቆ የሚመጣ ሰው ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ የማን ልጅ እንደሆነም አልጠይቅም።

ቸር እንሰንብት።